መነጽሩ ከቃጠሎ ክፍል ይጀምር

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ ይዤ እዚሁ ጎጃም ካለ አንድ ሆስፒታል ተመላለስኩ። ስድስት ዓመቱ ነው። የፈላ የሽሮ ድስት ክንዱ ላይ ተገልብጦበት ነው። የቃጠሎው ስቃይ አንድ ቀን ከሆነ፣ የፋሻ መቀየሩ ስቃይ በየሁለት ቀኑ ነው። ልጁ የሲስተሯ ጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ገና ከኮሪደር ሲሰማ ማልቀስ ይጀምራል። በደረቀው ፋሻ ላይ ሳላይን (የጨው ውሃ) ይፈስበታል፣ ቀስ እየተባለ ይላቀቃል። «አይዞህ የኔ ጀግና፣ አለቀ» ትለዋለች። አላለቀም። እሱም ያውቃል።

አንድ ቀን ስልኬን ሰጠሁት፣ ካርቱን ከፈትኩለት። ክንዱ እየታጠበ ጦጣዋ ከዛፍ ስትወድቅ ሳቀ! ትንሽ ቆይቶ የስልኩ ባትሪ አለቀ። የቀረውን አልነግራችሁም።

ስለ ቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) የማነበው ነገር ሁሉ ከዚያ ወዲህ ሌላ መልክ ያዘብኝ። ቪአር ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር ነው። ራስህን ባዞርክ ቁጥር ውስጡ ያለው ዓለምም አብሮህ ይዞራል። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንን ለተቃጠሉ ሰዎች ሞከሩት። ኋላ ለዚሁ ያሠሩት ፕሮግራም ስኖውወርልድ ይባላል። ታካሚው በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየተንሳፈፈ ፔንግዊኖችን በበረዶ ኳስ ይመታል፤ ነርሶቹ ቁስሉን ያጥባሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሕመም ትኩረት ይፈልጋል፤ ትኩረቱ ሌላ ቦታ ከተያዘ ለሕመሙ የሚተርፈው ያንሳል። በስልክ የያዝከው ልጅ ዓይኑን ወደ ቁስሉ መመለስ ይችላል። መነጽሩ ግን መቀሱንም ጋሪውንም ይጋርድለታል። ማስታገሻው አይቀርም፤ መነጽሩ በላዩ ላይ የሚጨመር ነው።

እኛ ዘንድ ግን ቪአር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ቀዶ ጥገና ነው። ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የየል ዩኒቨርሲቲ ጥናት 16 ሰልጣኝ ሐኪሞችን ለሁለት ከፈለ። አስቀድመው በቪአር የተለማመዱት ሐሞት ከረጢት ከጉበት የሚለዩበትን ሥራ በ29 በመቶ ፈጥነው ጨረሱ፣ ስህተታቸውም በብዙ እጥፍ አነሰ። ግን ልብ በሉ፣ ያ ማሽን መነጽር እንኳ አልነበረውም፤ ስክሪንና የቀዶ ጥገና እጀታ ነው። እንዲህ ያለው ሲሙሌተር (የመለማመጃ ማሽን) ውድ ነው፣ ጥገናም ይፈልጋል። በእርዳታ መጥቶ ከነካርቶኑ አቧራ የለበሰ ዕቃ ያላየ የጤና ባለሙያ ካለ እጁን ያውጣ።

ሌላው ጥናት ደግሞ እንደሚወራው አይደለም። ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምገማ ስለ ቪአርና ስትሮክ 72 ጥናቶችን አየ። ለእጅ እንቅስቃሴ ቪአር ከተለመደው ፊዚዮቴራፒ አልበለጠም፤ ሲደረብበት ግን ሊጠቅም ይችላል አለ። ስለ ጦርነት ጭንቀትም ብዙ ተሠርቷል፤ ወታደሩን ቀስ በቀስ ወደሚያስፈራው ቦታ በመነጽር ይመልሱታል። ተኩስ ሲሰማ የከረመ ሰው በሞላበት አገራችን ይሄ ያጓጓል። እኔ ግን እፈራዋለሁ። አጠገቡ የሠለጠነ ቴራፒስት ከሌለ ቁስል ቀስቅሶ መሄድ ነው።

ስለዚህ ከቃጠሎ ክፍል እንጀምር እላለሁ። አንድ መነጽር፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ የተጫነበት። መብራት ቢጠፋ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ግድ የለውም። ከዓይን ጋር የሚነካካው ስፖንጅ ግን ለእያንዳንዱ ታካሚ መቀየር ወይም በደንብ መጽዳት አለበት፤ የተቃጠለ ሰው ኢንፌክሽን አይችልም። አንዳንዱን ያጥወለውለዋል። አምራቾችም ለትንንሽ ልጆች የዕድሜ ገደብ ያወጣሉና፣ ለልጅ ሲሆን ሐኪም ፈቅዶ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ነርስ ባለችበት ይሁን።

በረዶውንም ብንቀይረው ደስ ይለኛል። ለጎጃም ገበሬ በረዶ ጤፉን የሚያወድምበት ነገር ነው። መነጽር አጥልቀንለት በበረዶ መሀል ብናቆመው የሚታወሰው ማሳው ነው! ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ የኮምፒውተር ተማሪዎችም የነርሲንግ ተማሪዎችም አሏቸው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ፍለጋ የሚንከራተት ልጅ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ይሥራ፣ በአማርኛ የሚያወራ። (ለተቃጠለ ሰው «ጢስ» የሚል ስም ይዞ መምጣቱ ትንሽ ያስቃል።) ሲስተሯ ደግሞ ከመነጽሩ በፊትና በኋላ ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ታስመዝግብ። ጥናት ማለት እሱ ነው።

የእህቴን ልጅ ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። ክንዱ አሁን ደርቋል።

«ጣና ላይ የደንገል ታንኳ መቅዘፍ» አለኝ።

«ክንድህ እየታጠበ እንዴት ትቀዝፋለህ?»

«በዚህኛው። ያኛውን ሲስተር ትያዘው።»