ጉዳዩ፦ ስለ ጅራትዎ

ለክቡር የኪራይ ቬሎ
ባሉበት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሰላም እንደገቡ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰኞ ጠዋት በባጃጅ ስንመልስዎ የኋላውን ወንበር ብቻዎን ስለያዙት፣ እኔ በእግሬ ነው የተከተልኩዎት።

ራሴን ላስተዋውቅ። የሙሽራዋ አንደኛ ሚዜ ነኝ። ሚዜነት ማለት ሙሽራን ማጀብ፣ ማሳቅ፣ እንባ መጥረግ ነው ብዬ ነበር እሺ ያልኩት። እርስዎ ከመጡ በኋላ ግን ሥራዬ ጅራት መሸከም ሆነ። ሙሽራዋ ቀና ብላ ትሄዳለች፤ እኔ አጎንብሼ ከኋላ። ሁሉም ፎቶ ላይ አለሁ። ያዩት ሰዎች «ፀጉርሽ እንዴት ያምር ነበር» ይሉኛል። ፊቴን ያየው የለም።

የተመረጡበትን ቀን ያስታውሱ ይሆናል። እኛማ አንረሳውም። ሠርጉ በጥር ነው። ጎንደር በጥር ምን እንደምትመስል ያውቃሉ፤ የነቢያት ጾም በገና ይፈታል፣ ጥምቀት ያልፋል፣ ከፊት ደግሞ ዐቢይ ጾም ይመጣል። በጾም አይዳርም። ስለዚህ የከተማው ሙሽራ ሁሉ እነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታጨቃል። አዳራሹ ወረፋ፣ ካሜራማኑ ወረፋ፣ እርስዎም ወረፋ። ገና በታኅሣሥ ስንመጣ «ለጥር የቀረው ይሄ ብቻ ነው» ተባልን።

ቢሆንም ምርጫ ተብሎ ተሰበሰብን። እናቷ፣ ከአዘዞ የመጣችው አክስቷ፣ እኛ ሚዜዎቹ፣ በቪዲዮ ደግሞ ዋሽንግተን ያለችው እህቷ። አንዷ «ሰፋ ይበል»፣ ሌላዋ «ጠበብ ይበል»፣ የዋሽንግተኗ ደግሞ «ካሜራውን ወደ ታች አድርጉት፣ ጅራቱ አልታየኝም»። የቬሎ ኪራይ ቤቱ ባለቤት «ይሄማ ላንቺ ተለክቶ የተሰፋ ነው» አለች። ለእሷ ተለክተው የተሰፉት እርስዎ ከጀርባዎ በመርፌ ቁልፍ ነበር የተያዙት። ከፊት ልዕልት፣ ከኋላ ስፌት ቤት።

ከዚያ ውሉ መጣ። መታወቂያ አስያዝን። ተቀማጭ ከፈልን። እድፍ ከተገኘ ይህን ያህል፣ ዳንቴሉ ከተቀደደ ይህን ያህል፣ ከሰኞ ካለፈ ይህን ያህል ተብሎ ተነበበልን። ሙሽራውን ስንቀበል እንኳን ሽማግሌዎቹ ይህን ያህል አላጠበቁም።

የዚህ ውል ውጤት ምን እንደሆነ ልንገርዎት? ሙሽራዋ በሠርጓ ቀን ዶሮ ወጥ አልቀመሰችም። ሙሽራው ሊያጎርሳት እጁን ሲዘረጋ እኔ እንደ በረኛ መሐል ገባሁ። አንዲት ጠብታ ወጥ ማለት እኮ የተቀማጩ ግማሽ ናት! ለስንት ሰው የተወጠወጠ ወጥ እየሸተታት፣ ከድፎ ዳቦው ደረቁን ቆርሰን ሰጠናት። ጠጁ እንኳ በስትሮ ነው የገባላት።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን አልነበሩም። ተክሊል ነው። እዚያ የሐበሻ ቀሚስ ለበሰች፣ ካባ ደረበች፣ ዘውድ ተደፋላት። ለቁርባኑ ሲባል ሊፕስቲኳም ተጠርጎ ነበር። እውነቱን ልናገር? የዚያን ቀን ከሁሉ ሰዓት ያማረችው ያኔ ነው። እርስዎ ውጭ መኪና ውስጥ ተንሰራፍተው ይጠብቁ ነበር። አክስቷ ቦታ አጥታ ከሾፌሩ ጎን ልጅ ታቅፋ ነው የሄደች።

ወደ አዳራሹ ስንመጣ ትልቁ ችግር ተገለጠ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ክቡርነትዎ ትከሻ የለዎትም። ጎንደር ደግሞ በትከሻዋ የምትጨፍር ከተማ ናት። ማሲንቆው ገና ሲጀምር ሙሽራዋ እስክስታ ልትመታ ትከሻዋን አነሳች። እርስዎ ወረዱ። ጎትታ መለሰችዎት። ደግማ አነሳች። ደግመው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ያየ ሰው ብርድ ብርድ ያላት መስሎት ነጠላ አቀበላት። አዝማሪው ምኑን ያልፋል?

ነጭ ለብሰሽ ሳይሽ ደመና መሰለኝ፣
ጅራትሽ ረዝሞ መንገድ ከለከለኝ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አባቷ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፉለት። እንዲደግመው ይሁን እንዲያቆመው፣ እስካሁን አልገባኝም።

ስለ ፊቷም አንድ ነገር ልበል። ሹሩባ መሠራት ፈልጋ ነበር፤ ጎንደሬ ናታ። «ከቬሎው ጋር አይሄድም» ተባለ። ሂዩማን ሄር ተተከለላት። ጠይም ናት። «ከቬሎው ጋር እንዲሄድ» ተብሎ ከቆዳዋ የነጣ ፋውንዴሽን ተቀባች። ፊቷ ሌላ፣ አንገቷ ሌላ። የጥር ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ፋውንዴሽኑ በመስመር በመስመር መውረድ ጀመረ። አያቷ ሊመርቋት ተነስተው ትክ ብለው አዩዋትና «እናንተየ፣ ልጄን የት አደረሳችኋት? ይች ነጭ ማን ናት?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። አያትዬው ግን አልሳቁም፤ የምር ነው የጠየቁት።

እስቲ ከፈቀዱልኝ ስለ ዘርዎ እናውራ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1832 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1840፣ ነጭ ለብሳ አገባች። ከሷ በፊትም ነጭ የለበሱ ሙሽሮች ነበሩ። ብዙዋ የፈረንጅ ሙሽራ ግን ቀይም ይሁን ሰማያዊ፣ ያላትን ደኅና ቀሚስ ለብሳ ነበር የምትዳረው። የቪክቶሪያ ሠርግ በየጋዜጣው ወጣ፣ ነጭ ፋሽን ሆነ፣ እርስዎም ከዚያ ይወለዳሉ።

በዚችው ንግሥት ዘመን፣ በ1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ደረሰ። የቋራው ካሳ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ። ወታደሩ ያገኘውን ጠራርጎ ሄደ። ከተወሰደው መሐል የባለቤታቸው የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ አለበት። የጥጥ ነው፤ በቀለም ሐር የተጠለፈ። ዛሬ የት ያለ ይመስልዎታል? ለንደን። ስሙ የቪክቶሪያና የባሏ የአልበርት በሆነ ሙዚየም ውስጥ።

ልብ ይበሉልኝ። የኛ እቴጌ ቀሚስ እነሱ ሙዚየም ገባ። የነሱ ንግሥት ፋሽን ደግሞ እኛ ዘንድ በኪራይ ይዞራል። ጭራሽ በ2010 ዓ.ም. ሙዚየሙ የመቅደላውን ዕቃ በረጅም ጊዜ ውሰት ለኢትዮጵያ መስጠት ይቻላል አለ። ጋዜጦቹም ያንን ልብስ የሠርግ ቀሚስ ብለው ጻፉት። ውሰት! የገዛ እቴጌያችንን ቀሚስ! ስሰማው መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ «ተቀማጩ ስንት ይሆን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ወጥ ከነካውስ?»

ሙሽራችን ለመልሱ ቀን የለበሰችውን የሐበሻ ቀሚስ አላዩም፤ እርስዎ በዚያን ሰዓት ተመልሰው ማንጠልጠያዎ ላይ ነበሩ። ማጉን አክስቷ በእንዝርት ፈትላለች፣ ድሩ ከገበያ ነው። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ እያለ ነው የሠራው። ቀጠሮ አላከበረም፤ የሸማኔ ነገር፣ «ነገ ነይ» ሲላት ስንት ገበያ አለፈ። ሲደርስ ግን በቃ ደረሰ። ጅራት የለውም። መታወቂያ አይዝም። ወጥ ሲነካው ይታጠባል። እስክስታ ስትመታ አብሯት ይመታል። መልሱ ላይ ሙሽራዋ ያለፈችውን ዶሮ ሁሉ ካሰች፤ ደረቷ ላይ ያንጠባጠበችውን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። (ጥለቱ በፋብሪካ የታተመበት፣ ሸማኔ ያላየው «የሐበሻ ቀሚስ» ገበያውን እንደሞላው አውቃለሁ። የሱን ደብዳቤ ለብቻው እጽፋለሁ።)

አሁን ወደ ጉዳዬ። በሠርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ ፎቶ ተብሎ አፄ ፋሲል መዋኛ ሄድን። እዚያ ግድግዳውን ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች አይተዋቸዋል፤ አይተዋቸው ብቻ አይደለም፣ አንዱ ሥር ዳንቴልዎን ይዞ አልለቅም ብሎ ነበር። ተንበርክኬ ያላቀቅኩዎት እኔ ነኝ። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውሃ እየገባለት የሚሞላው ለጥምቀት ነው። እኛ ስንደርስ ውሃው ሸሽቶ ዳር ዳሩ ጭቃ ሆኗል። ካሜራማኑ «ጅራቱን ልቀቂው፣ ተፈጥሯዊ ይሁን» አለኝ። ለቀቅኩት። ተፈጥሯዊ ሆነ።

ሰኞ ዕለት ባለቤትዎ ጅራትዎን ዘርግታ ጥቁሩን ጭቃ አየችና ተቀማጩን ቆረጠች። ይህን ነው የምቃወመው። ፋሲል መዋኛ ቅርስ ነው። ከቅርስ ግቢ አፈር ይዞ የወጣ ማን ነው፣ እኛ ወይስ እርስዎ? በሕግ ቢታይ ከፋዩ ማን እንደሆነ ለክቡርነትዎ እተወዋለሁ።

በተጨማሪም በትሕትና የምጠይቀው አለኝ። በሚያዝያ፣ ከፋሲካ ማግስት፣ የኔ ተራ ነው። እናቴ ከወዲሁ ስለ እርስዎ ማንሳት ጀምራለች። ያን ሰሞን እባክዎ ሌላ ሙሽራ ጋ ቀጠሮ ይያዙ። ባሕር ዳር ጥሩ ነው፣ ነፋሻማ ነው፣ ይወዱታል።

ከሰላምታ ጋር
አንደኛ ሚዜ (ባለ ጅራት)

ግልባጭ፦
ለኪራይ ቤቱ፣ የተቆረጠው ተቀማጭ እንዲመለስልን፤
ለንደን ለሚገኘው ሙዚየም፣ ለውሰቱ የቀበሌ መታወቂያ ለማስያዝ ዝግጁ መሆናችን እንዲታወቅ።