ኤዲፐስ ጥፋተኛ ነው?

ሦስት ሆነን ቡና እየጠጣን ነበር፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንዲት ጠበቃና እኔ። ወሬ ወሬን ሲያነሣ የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስ ኤዲፐስ ላይ ደረስን፤ ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባው ንጉሥ ላይ።

«ንዴቱ ነው ያጠፋው» አሉ መምህሩ። «የአምላኩ የአፖሎን ትንቢት በሚነገርበት በዴልፊ ‹አባትህን ትገድላለህ› ከተባለ ገና ወዲያው ነው። ሦስት መንገድ በሚገናኝበት ቦታ ሠረገላ ላይ ያለ ሽማግሌ አናቱን ቢመታው፣ ሽማግሌውን ገደለ፤ አጃቢዎቹንም ፈጀ። ያመለጠው አንድ ነው። ያን ትንቢት የሰማ ሰው አባቱን በሚያህል ሰው ላይ እጁን ያነሣል?»

«ጋሼ፣ አስቀድሞ የተመታው እኮ እሱ ነው» አለች ጠበቃዋ። «አባቴ ብሎ የሚያውቀውም የቆሮንቶሱን ንጉሥ ነው፤ የሸሸውም እሱን እንዳይገድል ብሎ።»

«ታዲያ ዴልፊ ምን ወሰደው? አንድ ሰካራም ‹የአባትህ ልጅ አይደለህም› ቢለው አይደለም? ጥርጣሬው ሳይፈታ ነው በትር ያነሣው።»

ጠበቃዋ ጥቂት ዝም አለችና ወደ አርስቶትል ዞረች። የአሳዛኝ ተውኔት ጀግና የሚወድቀው በክፋት ሳይሆን በ«ሐማርቲያ» ነው፤ ቃሉም ዒላማ መሳት ማለት ነው አለች። መምህሩ ፈገግ አሉ። «በግሪክኛው ወንጌል ኃጢአት የሚባለውም ያው ቃል ነው። የእኛው ‹ኃጢአት› እንኳ ከግእዙ ‹ኃጥአ›፣ ከማጣት ነው የመጣው።» ይህ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

«ቢሆንም ሳያውቅ፣ ራሱን ሲከላከል ነው። እኔ ብከራከርለት በነጻ ይለቀቃል» አለች።

እኔ ግን ሁለቱም መንገዱ ላይ ብዙ የቆዩ ይመስለኛል። ሽማግሌው የቴቤስ ንጉሥና የኤዲፐስ ወላጅ አባት ነበር፤ ተውኔቱ ሲጀምር ግን ግድያው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል፤ ኤዲፐስም የቴቤስ ንጉሥ ሆኗል። የቀድሞው ንጉሥ ገዳይ ስላልተቀጣ ቴቤስን ወረርሽኝ ይዟታል፤ ኤዲፐስ ገዳዩ ራሱ መሆኑን ሳያውቅ ፈልጎ ሊያወጣው ምሏል። ሚስቱ፣ እንደ እውነቱ ግን እናቱ የሆነችው ዮካስታ፣ ነገሩ ቀድሞ ገብቷት «ተው፣ አትጠይቅ» ብላ ትለምነዋለች። የኤዲፐስን ትውልድ የሚያውቀው እረኛ ከአሰቃቂው ቃል አፋፍ ላይ ደርሶ ሲያመነታ፣ ኤዲፐስ እኔም ከመስማቱ አፋፍ ላይ ነኝ፣ ግን መስማት አለብኝ ይላል። ንጉሥ ነው፤ እዚያ ላይ ቢያቆም ማን ያስገድደዋል? እኔ ጀግና የምለው እዚህች ቦታ ላይ ነው፤ ባነበብኋት ቁጥር ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

እውነቱን ሰምቶ የገዛ ዐይኑን ካጠፋ በኋላም መከራውን ያመጣው አፖሎን ነው፣ የመታው ግን የገዛ እጄ ነው ይላል። ጠበቃዋ በነጻ ብታስለቅቀው እንኳ እሺ ብሎ የሚሄድ አይመስለኝም። በተውኔቱ መጀመሪያ ገዳዩ ከአገር ይባረር ብሎ ያወጀ እሱ ነው፤ በመጨረሻም የዮካስታን ወንድም ክሬዎንን «ከዚህ አገር አስወጣኝ» እያለ የሚለምነው ራሱ ነው።