የፈረሰውንም እናጥና

ስለ ማኅበራዊ ፈጠራ፣ ማለትም የማኅበረሰብን ችግር በአዲስ መንገድ ስለ መፍታት፣ የሚያጠና የማስተርስ ተማሪ አውራ አምባን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ላይ የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ አቅመ ደካማ ይጦራል። ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለም፤ እንግዳ መቀበልም ለምዷል።

ግን ሁላችንም የተሳካውንና ስሙ የወጣውን ብቻ ካጠናን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። «የተሳካው ጠንካራ መሪ ስለነበረው ነው» እንላለን። ጠንካራ መሪ ኖሮት የፈረሰ ማኅበርስ የለም? እሱን ካላየን ምክንያቱን አገኘሁ ማለት አንችልም።

የደቡብ አፍሪካውን «ፕሌይፓምፕ» ተመልከቱ። ልጆች እየተጫወቱ ሲያሽከረክሩት ውኃ ከጉድጓድ የሚስብ ፓምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ባንክ ሸለመው። በ2006 የአሜሪካ መንግሥትና የግል ለጋሾች 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገቡለት። ያኔ «ምርጥ ፈጠራዎች» ብሎ ናሙና የሚመርጥ ተመራማሪ እሱን አይዘለውም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ልጆቹ በሌሉበት ሰዓት እናቶች ያንን ከባድ መሽከርከሪያ ሲገፉ ታዩ። ሲበላሽ ቶሎ የሚጠግነው አልተገኘም። ፓምፑን የማስፋፋቱ ዘመቻም ቆመ። በሽልማት ዝርዝር የተመረጠ ናሙና ይህን ቀድሞ አያሳይም።

እኛ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ጥናት እድር የመሰለ ነገር አለን። በአንድ ሰፈር ውስጥ ሦስት እድር ይመረጥ። አንዱ ከቀብር አልፎ ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚረዳ፣ ሌላው ያንኑ ሞክሮ የተወ፣ ሦስተኛው ጭራሽ ያልሞከረ። መዋጮአቸውና የአባላቱ ኑሮ ቢቀራረብ ንጽጽሩ ይጠራል።

ሞክሮ የተወውን ማግኘት ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። የገንዘብ ጠብ ያለበትን ታሪክ ለማያውቁት ሰው የሚያወራ የለም። የድሮውን ዳኛና ጸሐፊ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ቡና ላይ መቀመጥ፣ የቆየ መዝገብ ማገላበጥ ይፈልጋል። ለዚህ ጊዜ የሚሰጡት አማካሪዎች ናቸው። ፕሮፖዛል ሲገመገም «ስንት ኬዝ (ለጥናት የተመረጠ ምሳሌ) ያዝክ?» ከማለታቸው በፊት «እነዚህን ለምን መረጥክ? የትኞቹንስ ተውክ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱም በጥናቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።