ለ99ኛው ስኳድሮን ማስተማር ክብር ነው

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ከሳን አንቶኒዮ ከተማ አጠገብ ባለው የራንዶልፍ አየር ሰፈር ጭራቸው ቀይ የተቀባ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ለዓመታት ሲነሡና ሲያርፉ ኖረዋል። የአሜሪካ አየር ኃይል 99ኛ የበረራ ማሠልጠኛ ስኳድሮን (የአውሮፕላንና የአብራሪዎች ክፍል) ንብረት ናቸው፤ ቀለሙም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «የተስኪጊ አብራሪዎች» የተባሉት ጥቁር አሜሪካውያን ይዋጉባቸው ለነበሩ አውሮፕላኖች መታሰቢያ ነው። ስኳድሮኑ በዚህ ሰፈር የሚታወቀው ጀማሪዎችን የሚያስተምሩ አብራሪዎችን በማሠልጠን ነው። በውጊያ ስሙን ያስጠራ ክፍል ወደ ማሠልጠኛነት መዞሩን እንደ ዝቅታ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ ታሪኩን መለስ ብሎ እንዲመለከት እጠይቀዋለሁ።

ስኳድሮኑ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲቋቋም፣ የአሜሪካ ጦር በ1925 ባስጠናው ጥናት ጥቁሮች ለከባድ የውጊያ ኃላፊነት አይበቁም ብሎ ከደመደመ 16 ዓመት ሆኖት ነበር። በአላባማ ተስኪጊ ሥልጠና ከጀመሩት 13 የመጀመሪያ ዙር ሠልጣኞች በማርች 1942 ተመርቀው የአብራሪነት ምልክት የሆነውን ክንፍ ያጠለቁት 5 ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ በኋላ ስኳድሮኑን ያዘዘው ቤንጃሚን ዴቪስ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰባቸው ግን ከተመረቁ በኋላ ይመስለኛል። አዲስ ተዋጊ አብራሪ የሚበስለው ውጊያ ከቀመሰ አብራሪ ጎን ሲበር ነው። ነጭ አዳዲስ አብራሪዎች ይህን ዕድል ሲያገኙ፣ ጦሩ በዘር ተከፋፍሎ ስለነበር 99ኛው ውጊያ ያየ አንድም መሪ ሳይኖረው በ1943 ወደ ሰሜን አፍሪካ ተላከ። ሞሮኮ ላይ ፊሊፕ ኮክረን የተባለ ልምድ ያለው ነጭ መኮንን ጥቂት ጊዜ ባያሠለጥናቸው ኖሮ፣ በዚያው ዓመት ጁን ወር በጣልያኗ ፓንቴለሪያ ደሴት ላይ ውጊያ ሲገቡ የሚያውቁት ከትምህርት ቤት ያገኙትን ብቻ በሆነ ነበር። ይህ ሁሉ ሳይታሰብ የበላይ አዛዣቸው «የውጊያ ወኔ የላቸውም» የሚል ሪፖርት ጻፈ፤ ዴቪስም ዋሽንግተን ቀርቦ ለአብራሪዎቹ ተሟገተ። በጃንዋሪ 1944 በጣልያን አንዚዮ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ከ10 በላይ የጠላት አውሮፕላኖችን ሲጥሉ ክርክሩ መልስ አገኘ።

በዚህ ታሪክ ለእኛ ቅርብ የሆነ ሰው አለ። የበረራ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ከተስኪጊ ኮሌጅ የተመረቀው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን፣ በተማሪነት አልቀበልም ባለው የቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ ከክፍሉ ጥግ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር ይባላል። ኮሌጁ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ገና ቀደም ብሎ ወትውቷል። በጣልያን ወረራ ዋዜማ ኢትዮጵያ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን ጥቂት አውሮፕላኖች መራ። እኛ የምናነሣው ብዙውን ጊዜ ይህን ጀግንነቱን ነው፤ እኔ ግን እኩል የማከብረው በ1944 ተመልሶ የኢትዮጵያን ወጣቶች በረራ ማስተማሩን ነው። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ተጎድቶ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ።

የአሜሪካ አየር ኃይል በ2019 ለአዲሱ ቲ-7 ጄት «ቀይ ጭልፊት» የሚል ስም ሲሰጥ የተስኪጊ አብራሪዎችን ለማክበር መሆኑን አስታውቋል። ቲ-7 የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው፤ ስሙም ያረፈው በተገቢው ቦታ ነው።