ማስተካከያ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደመወዝተኞች ናቸው

ባለፈው ስለ ገጠር ጤና ስጽፍ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን «ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች» ብያቸው ነበር። ተሳስቻለሁ። ይቅርታ።

የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አንስቶ ወር በገባ ቁጥር ፔሮል ላይ ፈርመው ደመወዝ የሚቀበሉ። አቀጣጠሩ እንዲህ ነበር፦ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ይመለመላሉ፤ አንድ ዓመት ይሠለጥናሉ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ጤና ኬላ ይመደባሉ። (አርብቶ አደር አካባቢ ወንዶችም አሉ።) ኋላ ብዙዎቹ ተምረው ወደ ደረጃ 4 ከፍ ብለዋል።

ያምታታኝ የሴቶች ልማት ሠራዊት ነው። ደመወዝ የሌላቸው እነሱ ናቸው፤ 1 ለ 5 ተደራጅተው ጎረቤት የሚቀሰቅሱት እናቶች። አብረው ቤት ለቤት ሲዞሩ ላየ ሰው መለየቱ ይከብዳል። የክትባት ሳጥኑን አንግታ መርፌ የምትወጋዋ ደመወዝተኛዋ ናት። «ነይ፣ ልጅሽን አስከትቢ» ብላ በር የምታንኳኳው ጎረቤት ግን የምትሠራው በነፃ ነው።

ደመወዙ ያንሳል የሚለው ቅሬታ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አልነካሁትም። የቀረው ጽሑፍ እንዳለ ነው።