ለሁለገቡ ሹመኛችን ዕድሜ ይስጥልን

የባሕር ዳር ሰው ዕድለኛ ነው። ጣና አለን፣ ዓባይ አለን፣ ሁለገብ ሹመኛም አለን። ሁለቱን የሰጠን ፈጣሪ ነው፤ ሦስተኛውን ምደባ።

ሁለገብ ስል የዋዛ እንዳይመስላችሁ። አምና ግብርና ነበር፤ ማዳበሪያ ለምን እንደዘገየ አስረዳን። ዘንድሮ ቱሪዝም ነው፤ የዘጌ ገዳማት ጎብኚ ለምን እንዳጡ ያስረዳናል። ለከርሞ ጤና ቢመደብ፣ መድኃኒት ለምን እንደጠፋ ማስረዳት አያቅተውም። እኛ ለአንድ ሙያ አራት አምስት ዓመት እንንገላታለን። እሱ ሰኞ ደብዳቤው ይደርሰዋል፣ ማክሰኞ አቅጣጫ ይሰጣል።

እንቦጭን እንኳ እዩ። ጣናን ከወረረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ተመራማሪው ዘሩ ጭቃ ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ያጠናል፤ ከየእርሻው ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ እንዴት እንደሚያፋፋው ይለካል። ምን አደከመው? ሹመኛችን በሞተር ጀልባ አንዴ ዞር ዞር ብሎ "ዋናው ቁርጠኝነት ነው" አለና ጨረሰው። አረም ቁርጠኝነት እንደሚፈራ ማን ያውቅ ነበር!

ደግሞ ሐቀኛ ነው። ፎርጅድ ዲግሪ ያሠራውን ሰው ሁላችንም እንረግማለን። (እሱ እንኳ ትምህርት ዋጋ እንዳለው አምኖ ከኪሱ ከፍሎበታል።) የእኛው ግን ማስመሰል አያውቅም። "ይህን መሥሪያ ቤት በምን ሙያ ነው የሚመሩት?" ብትሉት፣ ዓይኑን ሳያሽ "ድርጅት አምኖብኝ" ይላችኋል። ከዚህ በላይ ሐቅ ከየት ይምጣ?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚፈልግ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ደግ ነው፣ ይፈተኑ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ልጆች ሲያነቡ ይደሩ። ለሹመት ግን የመግቢያ ፈተና ይሰጥ ቢባል ስንቱ ስብሰባ ይበተን ነበር! ለመውጫው ደግሞ ግምገማ አለለት። ተገምግሞ ይወርዳል፣ በወሩ ሌላ ቢሮ ይወጣል።

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ይህ ዕድል የለውም። መቅዘፊያ ይዞ "ታምኖብኝ ነው" ቢል ማንም አይሳፈርለትም። ያው ተሳፋሪ ኋላ ቀር ነው፤ ሰውየው ቀዘፋ ይችል እንደሆነ ይጠይቃል።

ባለፈው ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አነበብኩ። የጥበቃ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ተያዥ፣ ከዚያም ፈተና። የኃላፊው ቦታ መቼ እንደተለጠፈ ጠየቅሁ። ሰዎቹ ሳቁብኝ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ተወዳድሮና ተፈትኖ የገባው ሰው በር ላይ ቆሞ፣ ሳይፈተን ለሚገባው ይከፍታል። መታወቂያም አይጠይቀውም።