ልብ አንጠልጥሎ መጣል
17 ዓመቴ ነው። ለእኛ ለወጣቶች የሚጻፍ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ነፍሴ ነው። ግን ስንቴ እንቅልፌን አጥቼ አንብቤ መጨረሻው ላይ ተቃጠልኩ! ምዕራፉ ሁሉ በጩኸት ወይም በበር መንኳኳት ያልቃል። ገጹን ስገልጥ ድመት ናት።

የባሰው ደግሞ የአንዳንዱ መጽሐፍ ተራኪ ናት። “እኔ” እያለች ታወራለች። ገዳዩን ከመጀመሪያው ታውቀዋለች። ግን 300 ገጽ ሙሉ ትደብቅብናለች። ይሄ ልብ ማንጠልጠል አይደለም፣ ማታለል ነው! ደራሲዎች፣ ፍንጩን ፊታችን አስቀምጡት፤ ሳናስተውለው እንለፍ። ያኔ መሸነፉ ራሱ ደስ ይላል፤ ወደ ኋላ ተመልሰን ፍንጩን እንፈልጋለን።

ይህን ስንል አዋቂዎቹ “የልጆች መጽሐፍ እኮ ነው፣ ምን አካበዳችሁ?” ይሉናል። ለእኛ ከተጻፈ፣ እኛ ስንናገር ለምን አትሰሙንም? ጓደኛዬ ትናንት የእንዲህ ያለ መጽሐፍ የመጨረሻውን ገጽ አንብባ አለቀሰች። አዝና አይደለም፣ ተናዳ።